ለጀልባውም ወረቀት፣ ለሞተሩም ወረቀት

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ የጀልባና የሞተሩን ነገር ላውጋችሁ። ዓመቱን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው፤ ወሬው የነሱ አገር ነውና።

ኦሌ ኤቪንሩድ የሚባል፣ በልጅነቱ ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የተሻገረ የዊስኮንሲን መካኒክ ነበር። በ1906 ነው አሉ፣ በነሐሴ ሙቀት፣ ከእጮኛው ከቤስ ጋር ሐይቅ ዳር ሽርሽር ወጣ። ቤስን አይስክሬም አማራት። ኦሌ የፍቅር ነገር ሆኖበት መቅዘፊያውን ጨብጦ ሐይቁን ተሻገረ። ገዝቶ፣ እየቀዘፈ፣ ላቡ ጠብ እያለ ሲመለስ አይስክሬሙ ቀልጦ አለቀ። ከጀልባ ኋላ የሚታሰር፣ አውትቦርድ የሚሉትን ሞተር መሥራት ያሰበው ያን ቀን ነው ይባላል። በ1909 ለገበያ አወጣው፤ ክብደቱ 62 ፓውንድ፣ ወደ 28 ኪሎ፤ ጉልበቱ የአንድ ፈረስ ተኩል። ከሱ በፊትም የሞከሩ ነበሩ፤ ሕዝቡ ዘንድ ያደረሰው ግን እሱ ነው።

ታዲያ የዚህ ሞተር ትልቁ ጥበቡ ምን ነበር? መፈታቱ! ማሰሪያውን አላልቶ፣ አንስቶ፣ ቤት ይዞ መግባት ይቻላል። ባለቤቱ የሚፈታውን ደግሞ ሌባም ይፈታዋል። ጀልባው እዚያው ቆሞ ሞተሩ ሌላ አገር ይሸጣል። የዛሬው ወጋችን ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት መጀመሪያ የያዘው ጀልባውን ነበር። በ1958 የወጣው የፌዴራል ሕግ ክፍለ ግዛቶች ሞተር ላለው ጀልባ ቁጥር እንዲሰጡ መንገዱን ከፈተ። ከኅዳር 1972 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ አዲስ ጀልባ 12 ፊደልና አኃዝ ያለው ቁጥር አካሉ ላይ ተቀርጾ መውጣት ግዴታው ሆነ። ቦታው ከጀልባው ኋላ፣ በስተቀኝ፣ ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ነው። ሦስቱ የመጀመሪያ ፊደላት የሠሪውን ኩባንያ ይናገራሉ፤ አምስቱ የጀልባው የራሱ መለያ ናቸው፤ የቀሩት የተሠራበትን ጊዜ ይነግሩናል። በኋላ፣ ከ1984 ወዲህ፣ ያው ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ በስውር ቦታ እንዲቀረጽ ታዘዘ፤ የሚታየው ቢፋቅ የተሰወረው እንዲመሰክር።

የባለቤትነቱ ወረቀት፣ እኛ አገር ለመኪና ሊብሬ የምንለው፣ እነሱ ታይትል የሚሉት፣ ከዚህ ይለያል። እሱ የየክፍለ ግዛቱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚደናገረው። ጆርጂያ ጀልባ ትመዘግባለች እንጂ ታይትል አትሰጥም። ፍሎሪዳ ለጀልባው ትሰጣለች፣ ለሞተሩ ግን የለም። ሳውዝ ካሮላይና 5 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ያለውን ሞተር ባለ ታይትል ታደርገዋለች፤ ኦክላሆማ ከ10 በላይ የሆነውን። ቴክሳስ ደግሞ ትንሽ ትልቅ ሳትል በነዳጅ ለሚሠራ ለእያንዳንዱ አውትቦርድ ሞተር ታይትል ትጠይቃለች። እንግዲህ የቴክሶማን ሐይቅ አስቡት፤ ወሰን ላይ ያለ ነው፣ አንደኛው ዳር ኦክላሆማ፣ ሌላው ቴክሳስ። በኦክላሆማው ዳር 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ያለ ታይትል ይሸጣል፤ የቴክሳስ ሰው ገዝቶት ሲሻገር ግን ታይትል ሊያወጣለት ይገባል።

አሁን ወደ ጋርላንድ እንምጣ። ዳላስ አጠገብ ናት፤ የኛ ሰው በብዛት ይኖርባታል፤ ሬይ ሃባርድ ሐይቅም ደጇ ነው። አንድ የጋርላንድ ልጅ አለ እንበል። ዓሣ ማጥመድ ወደደ፣ ገንዘብ ቋጠረ፣ ጀልባ ከነሞተሩ በ8,000 ዶላር አገኘ። በዕድሜ የሚበልጡትን፣ ሐይቁን የሚያውቁትን ጎረቤቱን አስከትሎ ሄደ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ይኸው ታይትሉ» አለ።

እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ። «ይኼ የጀልባው ነው። የሞተሩስ የታለ?»

«ሞተሩማ ከጀልባው ጋር ነው እንጂ!»

«አይደለም የኔ ልጅ። ቴክሳስ ሞተሩን በራሱ ስም ነው የምታውቀው።»

ከዚያ ጎንበስ አሉ። በጀልባው ኋላ በስተቀኝ ያለውን ጭቃ በአውራ ጣታቸው ጠረጉና ቁጥሩን ፊደል በፊደል ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ትክክል ነው። ቀጥለው ሞተሩ ከጀልባው የሚጣበቅበት ብረት ላይ ያለችውን ትንሽ ሳህን ፈለጉ። እሷም አለች፤ ቁጥሯም ይነበባል። ልጁ ያን ቁጥር ስልኩ ላይ፣ የቴክሳስ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የባለቤትነት መረጃ በሚሰጥበት ገጽ አስገባው። ሞተሩ የተመዘገበው በሻጩ ስም አልነበረም።

ሻጩ ደነገጠ። ሌባ አልነበረም፤ ሞተሩን ከራሱ ጎረቤት በእጅ በተጻፈ ደረሰኝ ገዝቶ፣ ስሙን ሳያዞር ዓመታት ያለፉት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም ከሌባው ይልቅ ይኼ ነው። ሌባን ሰው ይጠረጥራል። ደግ ፊት ያለውን፣ «ወረቀቱ ምን ይሠራልሃል» የሚለውን ማን ይጠረጥራል? መዝገብ ላይ ያለው ባለቤት ፈርሞ ካላስረከበ ደረሰኝ ብቻውን ስም አያዞርም። ባለቤቱ ቢሞት፣ አገር ቢለቅ፣ ዕዳ ኖሮበት ባንክ ቢይዘው መከራው የሚወድቀው መጨረሻ ላይ በገዛው ላይ ነው።

«አንድ ብር እንዳትከፍል» አሉ ጋሼ። ሻጩ ሞተሩን የሸጠለትን ጎረቤቱን ፈልጎ አስፈረመ፤ ሞተሩን መጀመሪያ በራሱ ስም አዞረ፤ ከዚያ ለልጁ ሸጠለት። ጊዜ ወሰደ፤ ቢሆንም ገንዘቡ ከልጁ ኪስ የወጣው ሁለቱም ታይትል ተፈርሞ እጁ ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራው የሱ ነው፤ ለጀልባው አንድ ማመልከቻ፣ ለሞተሩ ሌላ ማመልከቻ። ግብሩ ከመቶ 6.25 ነው፤ በ8,000 ዶላሩ ላይ 500 ዶላር ይመጣል። ጀልባው የሚጎተትበት ትሬይለር ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ወረቀቱ እንደ መኪና ወረቀት በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምዝገባና ታይትል አንድ አይደሉም። ከጀልባው ፊት ግራና ቀኝ በትልልቁ የሚለጠፈው ቁጥር ውሃ ላይ ለመውጣት ነው፤ ጀልባው የማን እንደሆነ የሚናገረው ታይትሉ ነው። ሞተር ደግሞ በቴክሳስ ታይትል እንጂ ምዝገባ የለውም። ስለዚህ «የምዝገባው ጊዜ አላለፈም» የሚል ሻጭ ስለ ሞተሩ ምንም አልነገራችሁም።

ቴክሳስ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ጀልባ ልትገዙ ስትሄዱ ሁለቱን ቁጥሮች በዓይናችሁ እዩ፤ በሁለቱም ታይትል ላይ ያለውን ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር አስተያዩ። ከገዛችሁ በኋላ ግብሩን ለመክፈል ያላችሁ 45 የሥራ ቀን ነው፤ አታሳልፉት። ሌላ ክፍለ ግዛት ያላችሁም ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት የክፍለ ግዛታችሁን ሕግ ጠይቁ።