ሜዳው የማን ነው? ከዓይን ኤል ረማነህ እስከ አዲስ አበባ ስታዲየም

የዛሬው የታሪክ ዓምዳችን ስለ ኳስ ነው። «እኔ ኳስ አላይም» የምትሉ ገጹን እንዳታልፉት፤ ነገሩ ስለ ጎል አይደለም፣ ስለ ቦታ ነው። ስታዲየም የት ይሠራል? ማን ያፈርሰዋል? ቡድን ከሜዳው ሲነሳ ማን ይጎዳል? በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ማዳም ከፈቀደች፣ መገናኛ ቦታ የምንፈልግ ሰዎች ጥያቄው ከማንም በላይ ይገባናል። (ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እዚሁ ከደጃችን እንጀምር። ከዓይን ኤል ረማነህ ወደ ጣዩነህ አደባባይ ስትወርዱ ከፊታችሁ ጥድ የሞላበት አጥር ታያላችሁ። ሆርሽ ቤይሩት ይባላል፤ ከከተማው የቀረ ትልቁ አረንጓዴ ቦታ ነው። ከሆርሹ ወዲያ ጣሪቅ ጅዲዴ ሰፈር አለ፤ እዚያ ውስጥ በፈረንሳዮች ዘመን፣ በ1930ዎቹ የተሠራው የቤይሩት ማዘጋጃ ቤት ስታዲየም ይገኛል። ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ከሳብራ ገበያ አጠገብ፣ ትልቁ የስፖርት ከተማ ስታዲየም ቆሟል። ሳብራ ርካሽ ልብስ ልትገዙ ስትሄዱ ሳታዩት አትቀሩም። ሦስቱም ቦታዎች በሰርቪስ ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬዱ ናቸው፤ የሦስቱም ታሪክ ግን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ነው።

ሆርሹ በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በተለይ በ1982 በእስራኤል ወረራ፣ ተቃጠለ። ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳዮች እርዳታ ዛፍ ተተከለበት፤ ዛፉ ካደገ በኋላም በሩ ለሕዝብ ሳይከፈት ብዙ ዓመት ቆየ። ለመግባት ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ፈረንጅ የሚመስል ሰው ግን ብዙም ሳይጠየቅ እንደሚገባ በከተማው የታወቀ ነገር ነበር። በሩ ላይ ወረቀት የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

በ2010ሮቹ መጀመሪያ ዓመታት ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ፦ የጣሪቅ ጅዲዴው ስታዲየም ይፍረስ፣ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሁን፣ አዲሱ ስታዲየም ደግሞ ከሆርሹ ላይ ተቆርሶ ይሠራ። ሐሳቡ እንዴት እንደተሸረበ ተመልከቱ። የጣሪቅ ጅዲዴ ሕዝብ ልጆቹ የሚያዩትን ሜዳ ያጣል። የከተማው ሕዝብ ገና ያልገባበትን ጫካ ያጣል። «ናሕኑ» የሚባል የወጣቶች ማኅበር (ስሙ በአረብኛ «እኛ» ማለት ነው) ከሌሎች ጋር ሆኖ ተቃወመ፦ «ሜዳውም ይቆይ፣ ጫካውም ይከፈት» አለ። ስታዲየሙ ከቦታው ሳይነቀል ቀረ። ሆርሹ በ2015 በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዚያ በ2016 በሌሎቹም ቀኖች ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ከዓይን ኤል ረማነህ በእግር ሄዶ ከጥድ ሥር መቀመጥ የሚችል ሰው ያንን ያገኘው ማንም በችሮታ ሰጥቶት ሳይሆን ጥቂት ሰዎች ዓመታት ሙሉ ስለጮሁ ነው።

አሁን ወደ ስፖርት ከተማው እንሂድ። በ1957 ለሁለተኛው የዓረብ ጨዋታዎች ተመረቀ፤ ስሙም በጊዜው ፕሬዚዳንት በካሚል ሻሙን ተሰየመ። የተሠራው በከተማው ደቡብ ዳር፣ ከሻቲላ የፍልስጤም ስደተኞች ካምፕ ብዙም ሳይርቅ ነው። ስታዲየም የሚሠራበት ቦታ በየአገሩ እንዲህ ነው፤ መሬቱ ሰፊና ርካሽ የሚሆነው ድሃ በሚኖርበት ጠርዝ ላይ ነው። ጦርነት ሲመጣም መጀመሪያ የሚመታው ይኸው ጠርዝ ነው።

ጦርነቱ የተለኮሰው ደግሞ እዚሁ እኛ ሰፈር ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1975 ፍልስጤማውያን የጫነ አውቶቡስ በዓይን ኤል ረማነህ በጥይት ተደበደበ፤ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሺያሕና በእኛ ሰፈር መካከል የሚያልፈው የድሮው የሰይዳ መንገድ የጦር ግንባር ሆነ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱ የኳስ ሊግ ከአሥር ዓመት በላይ ተቋረጠ። መንገድ ማቋረጥ ሞት በሆነበት ከተማ የምሥራቁ ቡድን ወደ ምዕራብ ሄዶ እንዴት ይጫወታል? በሰኔ 1982 የእስራኤል አውሮፕላኖች የስፖርት ከተማውን ደበደቡት፤ በወሩ የተጀመረው ወረራም ፍርስራሽ አደረገው። በመስከረም የሳብራና የሻቲላ እልቂት ሲፈጸም ከካምፑ የተያዙ ሰዎች ተሰብስበው የተመረመሩት በዚያው በፈረሰው ስታዲየም ነበር።

ስታዲየሙ ተሠርቶ በ1997 እንደገና ለዓረብ ጨዋታዎች ተከፈተ። በ2000 ሊባኖስ የእስያ ዋንጫን ስታዘጋጅ ጃፓን ሳዑዲ ዓረቢያን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ያነሳችው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሣሩም ወንበሩም ተጎሳቁሏል። በነሐሴ 2020 ወደቡ ከፈነዳ በኋላ ኢራቅ የለገሰችው ዱቄት በስታዲየሙ ውስጥ ሲከማችና ሲበላሽ በቴሌቪዥን ታየ፤ ብዙ ሰውም ተቆጣ። በየካቲት 2025 ደግሞ የሐሰን ነስረላህ ቀብር ሥነ ሥርዓት የተደረገው እዚያ ነው። አንድ ሜዳ የውድድር ቦታ፣ የጦር ዒላማ፣ የእስረኛ መመርመሪያ፣ የዱቄት መጋዘንና የሐዘን ቦታ ሆነ፤ ኳስ የሚጫወት ልጅ ብቻ ቦታ አጣ።

የሊባኖስ ክለቦችም ቢሆኑ እንደ ሰፈሩ የተከፋፈሉ ናቸው። አንሳር የጣሪቅ ጅዲዴ ነው፤ ከ1988 እስከ 1999 በተከታታይ 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። ነጅመህ በመናራ፣ በባሕሩ ዳር ይለማመዳል። ሒክመህ የአሽረፊየህ፣ ሆመንትመን የአርመኖች፣ አሕድ ደግሞ የደቡብ ዳርቻው ነው። በ2005 ራፊቅ ሐሪሪ ከተገደሉ በኋላ ግጭት ይነሳል ተብሎ ሊጉ ለዓመታት ያለ ተመልካች ይካሄድ ነበር። ባዶ ወንበር ፊት መጫወትም አንድ ዓይነት ሜዳ ማጣት ነው።

ይባስ ብሎ ብሔራዊ ቡድኑ ራሱ ተሰደደ። በ2023 መጨረሻ በደቡብ ጦርነት ሲጀመር ሊባኖስ «በሜዳዋ» ልታደርግ የነበረውን የፍልስጤም ጨዋታ በሻርጃ፣ የአውስትራሊያን በራሷ በአውስትራሊያ በካንቤራ፣ የባንግላዴሽን በዶሃ አደረገች። እንግዲህ አስቡት፤ ባለሜዳ ተብሎ በተጋጣሚው ከተማ፣ በተጋጣሚው ደጋፊ ፊት መጫወት!

ይሄ ታሪክ የሌላ ሰው ይመስላችኋል? የእኛውም ነው።

ኢትዮጵያ በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ካፍን፣ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫን ስንወስድ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ሞቱበት እስከ 1987 አገልግለዋል። ያው ስታዲየም በ1968 እና በ1976ም የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግዷል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ሱዳን ላይ ሲያገቡ፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ፣ ከተማው እንዴት እንደሆነ የነበረ ያውቀዋል። እዚህ ሊባኖስም በየቤቱ በስልክ «ገባን! ገባን!» ተባብለናል።

ታዲያ ያ ስታዲየም የዘመኑን መስፈርት አላሟላም ተባለና ቡድኑ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። በ2021 መጨረሻ ላይ ባሕር ዳርም ታገደ። ከዚያ ወዲህ ዋልያዎቹ የሰው ደጅ ጠኚ ሆኑ። ጋናን በጆሃንስበርግ «አስተናገድን»። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ፣ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ፣ ሜዳው የማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። ኋላም በዳሬሰላም፣ በካዛብላንካ «በሜዳችን» ተጫውተናል። ከ60,000 በላይ ሰው ይይዛል የተባለለት የአደይ አበባ ስታዲየም በ2016 ቢጀመርም 2024 ሲገባ ገና አላለቀም ነበር።

በዚህ ምን ይቀራል? ትኬት የሚሸጥበት ገቢ ይቀራል፤ በምትኩ ለአውሮፕላን፣ ለሆቴልና ለሰው ሜዳ ይከፈላል። ስታዲየም ዙሪያ ቆሎ የምትሸጠዋ እናት፣ ባንዲራና ማልያ የሚያዞረው ልጅ፣ ሊስትሮው፣ ሻይ ቤቱ ገበያቸው ይቀራል። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የሰፈር ልጅ አጥር ተንጠላጥሎ ተጫዋቹን በዓይኑ የሚያይበት ዕድል ይቀራል።

የአገር ውስጡ ሊግም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ መልኩን ቀየረ። ቡድኖቹ እንደ ድሮው በየከተማቸው መጫወት ትተው ሁሉም በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወሩ መጫወት ጀመሩ። ለቴሌቪዥን ሥርጭቱ አመቸ፤ በኮሮናውም ጊዜ ረዳ። ግን የጎንደር ሰው ፋሲል ከነማ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሲሆን በገዛ ሜዳው አላየውም። ከዚያም በፊት የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙ ፀቡን በመፍራት ጨዋታው ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወርበት ጊዜ ነበር። ጦርነቱ ሲነሳ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ከሊጉ ወጡ፤ የተመለሱት በ2017 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ነው። ሜዳ ላይ የሚታየው መሰንጠቅ አገሪቱ ላይ ካለው ቀድሞ የታየ ምልክት ነበር።

ስለ ጃንሜዳም ላንሳ። ኳሳችን ያደገበት፣ ጥምቀት የሚከበርበት፣ ሰው ሲነጋ የሚሮጥበት ሰፊ ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደዚያ ተዛወረ። ሐሳቡ ሰው እንዳይጨናነቅ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ግን ሜዳው ጭቃና የበሰበሰ አትክልት ሆነ። ገበያው ተነስቶ ቦታው የጸዳው ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሲዳረስ ነው፤ ያም የሆነው ሰው «ሜዳችንን መልሱ» ስላለ ነው። ነጋዴዎቹንም አንውቀሳቸው፤ እነሱም የተነሱ ሰዎች ናቸው። የታዘዘው ከላይ ነው፤ እርስ በርስ የተጋጨው ግን ታች ያለው ነው።

ሀብታም አገርም ከዚህ አያመልጥም። ካፍ በተመሠረተበት፣ የቤይሩቱ ስታዲየም በተመረቀበት በዚያው በ1957 ዶጀርስ የሚባለው የቤዝቦል ቡድን የኒውዮርኩን ብሩክሊን ትቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ለመሄድ ወሰነ። ባለቤቱ የፈለገውን ስታዲየም በፈለገው ቦታ ስላልፈቀዱለት፣ ሌላው ከተማ ግን መሬት ስላቀረበለት ነው። ብሩክሊን አለቀሰ። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም፤ ቻቬዝ ራቪን የሚባል የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ድሆች ሰፈር ነበር። ቀድሞ «የሕዝብ ቤት ልንሠራ ነው» ተብሎ ነዋሪው ተነሳ፤ ቤቱ ሳይሠራ ቀረ። እምቢ ያሉትን የመጨረሻዎቹን ቤተሰቦች በ1959 ፖሊስ ጎትቶ አወጣቸው። በ1962፣ እኛ ዋንጫ ባነሳንበት ዓመት፣ ስታዲየሙ ተመረቀ። አንድ ቡድን ሲዛወር ሁለት ሰፈር ተጎዳ፤ አንዱ ቡድኑን አጣ፣ ሌላው ቤቱን አጣ።

ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? ቡድን ከሜዳው የሚነሳው በጦርነት፣ በገንዘብ ወይም «መስፈርት» በሚባል ወረቀት ነው። ሦስቱንም በሰው ላይ እናውቃቸዋለን። እኛም እኮ ቤታችን ሌላ አገር፣ ሜዳችን ሌላ አገር የሆነ ሰዎች ነን። በሰኔ 2020 ደመወዝ ሳይከፈላቸው የተባረሩ እህቶቻችን ሐዝሚየህ ቆንስላው ደጅ አስፋልት ላይ ሲያድሩ፣ ሰው መሬት ላይ የሚያርፍበት ቦታ ማጣት ምን እንደሆነ መላው ዓለም አየ። ቦታ ማለት ቅንጦት አይደለም። ቦታ ካለ ሰው ይገናኛል፤ ሰው ከተገናኘ የታመመችውን ይሰማል፣ ፓስፖርቷ የተያዘባትን ያውቃል፣ ዕቁቡም ዕድሩም ይቆማል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። አንደኛ፣ ሆርሹ ቅርባችን ነው፤ ለሕዝብ የተከፈተ ነው። መታወቂያችሁን ወይም የኢቃማችሁን ኮፒ ይዛችሁ፣ ብቻችሁን ሳይሆን ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። ወረቀት የሌላት እህት ካለች ግን ከመውጣቷ በፊት መንገዱን ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ትማከር። ሁለተኛ፣ አገር ቤት ብር ስትልኩ፣ ስለ ሰፈር ልማት ስትጠየቁ፣ «የልጆቹ ሜዳስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሜዳ ሲሸጥ ሁልጊዜ «ሌላ ቦታ ይሰጣችኋል» ይባላል። ሌላው ቦታ የት እንደሆነ፣ ልጅ በእግሩ የሚደርስበት መሆኑን፣ መቼ እንደሚያልቅም አብራችሁ ጠይቁ።

ቸር ያገናኘን።