ከጃን ሜዳ እስከ ቦሌ፤ የነፍጥ ክብርና የጆሮ ዕዳ

የአገራችን ጸሐፍት ስለ ነፍጥ ብዙ ጽፈዋል። ውጅግራው ከፈረንሳይ፣ ሰናድሩ ከእንግሊዝ፣ አልቢኑ ከቤልጅግ፣ ምንሽሩ ከአውስትሪያ እንዴት እንደመጣ፣ በየትኛው ወደብ እንደገባ፣ በየትኛውም አውደ ውጊያ ማን አንግቦት እንደዋለ የሚተርክ መጽሐፍ አይታጣም፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ነፍጥ በተተኮሰ ቁጥር ከሰደፉ አንድ ስንዝር እንኳ ሳይርቅ ስለኖረው ስለ ተኳሹ ጆሮ የጻፈ ሰው አላጋጠመኝም። ይህ ዝምታ ራሱ የታሪክ አንድ ምዕራፍ ስለሆነ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ከምሥራቁ የአዲስ አበባ ክፍል ተነሥቼ ጥቂት ልናገርበት እወዳለሁ።

ከስድስት ኪሎ ወደ ምሥራቅ አለፍ ብሎ የሚገኘው ጃን ሜዳ፣ በዳግማዊ ምኒልክና ከእርሳቸው በኋላ በነገሡት ዘመን የፈረስ ጉግስና እሽቅድምድም፣ የሠራዊት ሰልፍ፣ የጥምቀትም በዓል የሚከበርበት የቤተ መንግሥት አደባባይ ነበረ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ከተማረኩ በኋላ፣ ድል ያደረገው ሠራዊት በንግሥት ዘውዲቱ ፊት የተሰለፈውና ምርኮኛው ንጉሥ በሰንሰለት ታስረው ያለፉት በዚሁ ሜዳ ነው። በዚያ ሰልፍ ላይ ከተገኙት አንዱ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ሹም ልጅ፣ በ1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተወለደው፣ በኋላም በበረሃ ጉዞው ስመ ጥር የሆነው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ሲሆን፣ በስድስት ዓመቱ ያየው ግርማ ዕድሜውን ሙሉ ከልቡ እንዳልጠፋ በሸመገለ ጊዜ ጽፏል። ሕፃኑ ያየው ለምዱን፣ ጋሻውን፣ የጎፈሬ ዘውዱን ነው፤ በፊቱ ከሚያልፉት ጭፍሮች መካከል ከሰገሌ ውጊያ ወዲህ ጆሮው ጭው ማለቱን ያልተወለት ስንቱ እንደነበረ ግን የሚታይ ነገር አልነበረምና ሊጽፈው አይችልም ነበር።

ጉዳቱ የማይታይ መሆኑ ነው እንግዲህ ነገሩን ሁሉ ያዘገየው። የሁለት ሰዎች ጭውውት በዴሲቤል ሲለካ 60 ያህል ሲሆን፣ የጠመንጃ ተኩስ በተኳሹ ጆሮ አጠገብ ከ150 ያልፋል፤ ሐኪሞችም ከ140 የሚበልጥ ድንገተኛ ፍንዳታ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰማ እንኳ የመስማትን ኃይል ለዘለቄታው ሊያጎድል እንደሚችል ይናገራሉ። በውስጠኛው ጆሮ የተተከሉት ረቂቃን የጸጉር ሕዋሳት በፍንዳታው ጊዜ በረዶ እንደ መታው የጤፍ አዝመራ ይጋደማሉ፤ ቀለል ያለው ጉዳት ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ቀና ይላል፣ የተሰበረው ግን ዳግመኛ አይበቅልም። ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው የሚያስደግፍ ሰው ቀኝ ጆሮው በራሱ ጥላ ሲከለል ግራው ወደ አፈሙዙ ስለሚዞር፣ አስቀድሞ የሚደክመው አብዛኛውን ጊዜ ግራው ነው። የሚጠፋውም በመጀመሪያ ቀጭኑ ድምፅ እንጂ ወፍራሙ አይደለም። ስለዚህ አንድ አረጋዊ አርበኛ በቅኔ ማሕሌት ቆሞ የከበሮውን ምት እየሰማ የጸናጽሉ ድምፅ ሊጠፋበት፣ የልጅ ልጁም ስትጠራው ድምፅዋን እየሰማ ያለችውን ሳይለይ ሊቀር ይችላል፤ ቤተሰቡም ይህን ለእርጅና ወይም ለግዴለሽነት ይሰጠዋል እንጂ ከአርባ ዓመት በፊት ለተተኮሰ ጥይት አይሰጠውም።

አባቶቻችን ነፍጥን የሚተኩሱት በጦርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዕዳው ባነሰ ነበር። ዳሩ ግን ሙሽራ ሲገባ፣ ጀግና ሲሞትና ለቅሶው ሲወጣ፣ አዳኝ ግዳይ ጥሎ ሲመለስ፣ በዐበይት በዓላትም ቀን ተኩስ የደስታና የሐዘን ቋንቋ ሆኖ ኖረ፤ ከተኳሹ ይልቅ በዙሪያው የቆመው ሴቱና ሕፃኑ፣ አዝማሪውና አሳላፊው ሁሉ ሳይተኩስ የተኩሱ ተካፋይ ነበር። ፉከራ በሚፎከርበት አደባባይ ጆሮን በጣት መድፈን ደግሞ ለወንድ ልጅ የሚያስነቅፍ ነገር እንደነበረ ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም። ሌላው ዓለምም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ነበር ብዬ አላመሰግነውም፤ መድፈኞች በየአገሩ ሲተኮስ አፍ መክፈትን ይመከሩ ነበር፣ ይህም የጆሮን ታምቡር ከመቀደድ ጥቂት ቢያድን እንጂ ውስጠኛውን ጆሮ አይጠብቅም። ደረቅ ጥጥ መወተፍም ለኅሊና እንጂ ለጆሮ እምብዛም አይረባም። በበርሊን ማክስ ኔግቨር የተባለ መድኃኒት ቀማሚ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጥጥን ከሰም ጋር ለውሶ የሠራው የጆሮ መድፈኛ ግን ድምፅን በእውነት የሚያግድ ሆነና፣ ወዲያው በተነሣው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በብዛት ተጠቀሙበት። እዚህ ላይ ሳልገረም ማለፍ አልችልም፤ ጥጥና ሰም ተዋሕደው ጧፍ ሆነው በእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲበሩ በኖሩበት አገር፣ ነፍጥም እንዲህ በተከበረበት ሕዝብ ዘንድ፣ ሁለቱን ለጆሮ ያገናኘ አለመኖሩ የዕውቀት ጉድለት ሳይሆን የሐሳብ አለመዞር ይመስለኛል።

ዘመናዊው ሥልጠና በቤልጅጎች ለክብር ዘበኛ፣ በስዊድኖች ደግሞ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ለሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ሲሰጥ፣ ወታደሩ ኢላማን፣ ሰልፍንና ሥነ ሥርዓትን ተማረ፤ የጆሮ ጥበቃ ግን በዚያን ጊዜ በአስተማሪዎቹም አገር ገና የዳበረ ትምህርት አልነበረም። በ1943 ዓ.ም. ከክብር ዘበኛ ተመርጦ ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ የአሜሪካንን መትረየስና ሞርታር ታጥቆ በተራሮች ላይ ተዋጋ። ከተከታዮቹ ሻለቆች ጋር 121 ሰው እንደሞተና 536 እንደቆሰለ፣ አንድም ሰው እንዳልተማረከ በኩራት ይነገራል፤ ከእነዚያ ቁስለኞች መካከል ጆሮው ብቻ ስለተጎዳ የተመዘገበ ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ቦሌ ወደዚህ ታሪክ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1950ዎቹ ማሳና ግጦሽ በነበረው ሜዳ ላይ የጄት አውሮፕላን ማረፊያ ከተሠራ በኋላ፣ የልደታው አሮጌ ሜዳ ለትልልቁ አውሮፕላን ስለማይበቃ የአገሪቱ በር ወደ ምሥራቅ ዞረ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም የአህጉሩ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ለእንግዳ ርእሰ ብሔር 21 ጊዜ መድፍ መተኮስ ከባሕር ኃይሎች የመጣ የአክብሮት ሥርዓት ሲሆን፣ አረሩ የሌለበት ባዶ ባሩድም ቢሆን በመድፉ ዙሪያ ለቆመው ሰው ጆሮ የዋህ አይደለም። ነገር ግን በቦሌ አንድ አዲስ ነገር ታየ፤ በማኮብኮቢያው ዳር የሚሠራው መካኒክ ሞተሩ ሲነሣ ትልቅ የጆሮ መሸፈኛ በራሱ ላይ ያደርጋል፣ ፈሪ የሚለውም የለም። የጄቱ ጩኸት ታሪክና ፉከራ ስላልነበረው ይመስለኛል፣ ከነፍጡ ቀድሞ ሥርዓት የተበጀለት።

በከተማው ውስጥ የሠርግና የለቅሶ ተኩስ እየቀረ የሄደው ለጆሮ ታስቦ አይደለም። ሰፈሩ ሲጠብ፣ ቦሌና ገርጂ፣ የካና ኮተቤ በቤት ሲሞሉ፣ ወደ ሰማይ የተላከው ጥይት መውደቂያ አጣ፤ የጦር መሣሪያ አያያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በፈቃድና በቁጥጥር ሥር ዋለ። ጆሮ የዳነው በሌላ ምክንያት ስለሆነ፣ ዛሬም ሕጋዊ ነፍጥ የያዘው ጥበቃ፣ ፖሊስና አዳኝ ጥይቱን እንጂ ድምፁን አይፈራም።

ስፖንጅ መሰሉ የጆሮ መድፈኛ በ1960ዎቹ በአሜሪካ ከተፈለሰፈ ወዲህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በጣት ተጠቅልሎ በጥልቀት ገብቶ ሲነፋ ከ20 እስከ 30 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ በላዩ መሸፈኛ ቢደረብበት ጥቂት ይጨምራል እንጂ እጥፍ አይሆንም፣ ድምፅ በራስ ቅል አጥንትም ያልፋልና። ተኳሹ ጥይት ከማጉረሱ በፊት ሁለቱንም ጆሮ ይድፈን፤ በአጠገቡ የቆመውም እንዲሁ። አንባቢ ሆይ፣ ከኮሪያም ሆነ ከኋለኛው ጦርነት የተመለሰ አባት ወይም አያት በቤትህ ካለ፣ አይሰማም ብለህ ከጨዋታ አታርቀው፤ ወደ ጆሮ ሐኪም ወስደህ አስለካው፣ በየትኛው ጦር ሜዳ በምን መሣሪያ ምን ያህል ዘመን እንደተኮሰም ጠይቀህ ጻፍለት።