ሞተሩን ሳትከፍቱ አትፍረዱ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የድሮ ተማሪዬ የሚሠራበት ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተራቸውን ይዘው መጥተዋል። ሞተሩ ጉልበት አጥቷል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል። ሽንኩርታቸው ደግሞ ማሳ ላይ ውሃ ጠምቶታል። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ወዲያው ፈረደባቸው፦ "ያለ ዘይት አስነስተውት ነው!" እሳቸው "ኧረ በማርያም! ዘይቱ አንድ ቀን ጎድሎበት አያውቅም" ይላሉ። የሚሰማቸው የለም።

ተማሪዬ አልተከራከረም። ዘይቱን አፍስሶ መጠኑን አየ፤ በቂ ነበር። ቴስታታውን ፈታ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ በባትሪ አበራ፣ ግድግዳውን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ "ቲቸር፣ ይምጡና ይዩት" አለኝ።

ዘይት ያጣ ሞተር ቢሆን ኖሮ የፒስተኑ አሉሚኒየም በሙቀት ተልጦ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ ነበር፤ የሚሽከረከሩት ክፍሎችም በሙቀት ቀለማቸው ይቀየር ነበር። እዚህ ግን እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ያለው ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጫጭን ጭረት፣ የደበዘዘ ግድግዳና ያለቀ የፒስተን ፋሻ ነው። ይሄ የአቧራ ሥራ ነው። የአየር ማጣሪያውን ሲከፍተው ስፖንጁ ተቀዷል። አዲስ ፒስተን ብቻ ገጥሞ ቢመልስላቸው ኖሮ ሞተሩ ብዙ ሳይቆይ እንደገና ይበላ ነበር።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝና ቶሎ ትዝ ያለኝ የራይት ወንድማማቾች ሞተር ነው።

ዊልበርና ኦርቪል ራይት አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ዴይተን በምትባል ከተማ ብስክሌት የሚሠሩና የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩ። ለአውሮፕላናቸው ቀላል ሞተር እንዲሠሩላቸው ለተለያዩ ፋብሪካዎች ቢጽፉም የሚፈልጉትን የሚሠራ አላገኙም። ስለዚህ ሥራው ለሱቃቸው መካኒክ ለቻርሊ ቴይለር ተሰጠ። ቴይለር ገና በልጅነቱ ትምህርት ያቋረጠ ሰው ነው። ስለ ቤንዚን ሞተር የነበረው ልምድ ከዚያ በፊት የአንድ መኪና ሞተር ለመጠገን መሞከሩ ብቻ ነበር። ቶርኖና መሰርሰሪያ ይዞ፣ ክራንክ ሻፍቱን ከአንድ ወፍራም ብረት ፈልፍሎ፣ ባለ አራት ሲሊንደሩን ሞተር በስድስት ሳምንት ሠራው።

የመጀመሪያው ሙከራ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 1903 ተደረገ። በእኛ አቆጣጠር 1895 ዓ.ም. ነው፤ አድዋ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው። ሞተሩ ተነሳ። በማግስቱ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ፣ የአሉሚኒየም አካሉም ተሰበረ።

እዚህ ላይ "ትምህርት የሌለው መካኒክ የሠራው ምን ሊሆን ኖሯል?" ማለት ቀላል ነበር። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ቤንዚን እየተንጠባጠበ ኩሽኔታዎቹ ላይ ወርዷል። ቤንዚን ዘይትን ያጥባል። ዘይቱ ሲታጠብ ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻ ይነካከስና ይቆማል። የሚሽከረከረው ሲቆም ጉልበቱ መሄጃ ያጣል፤ ያኔ የሚሰበረው አካሉ ነው። ስለዚህ የተሰበረው ቦታና ጥፋቱ የጀመረበት ቦታ አንድ አይደሉም። ወንድማማቾቹ ሰውዬውን አላባረሩም። አካሉ እንደገና እስኪቀለጥ ሁለት ወር ያህል ጠበቁ፣ ሞተሩንም እንደገና ሠሩት።

በኅዳር ደግሞ ሰሜን ካሮላይና፣ ኪቲ ሃውክ ላይ ሌላ ችግር መጣ። ሞተሩ እየተንተፋተፈ ሲነዝር ኃይሉን ወደ ፕሮፔለር የሚያደርሱት ዘንጎች ተጎዱ። ዴይተን ተልከው ተጠገኑ። ተመልሰው ከተገጠሙ በኋላ እንደገና ሲፈተሹ አንዱ ላይ ስንጥቅ ተገኘ። ክረምቱ እየከበደ ነው፣ ገንዘብና ጊዜ እያለቀ ነው። "ግድ የለም፣ አንዴ እንሞክረው" ማለት ይችሉ ነበር። ኦርቪል ግን በባቡር ዴይተን ድረስ ተመልሶ፣ ውስጠ ክፍት በሆኑት ዘንጎች ፋንታ ድፍን የብረት ዘንግ አሠርቶ መጣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 (ታኅሣሥ 7 ቀን 1896 ዓ.ም.) አውሮፕላኑ ተነሳ። የመጀመሪያው በረራ 12 ሰከንድ፣ 37 ሜትር ገደማ ነበር። የዚያኑ ቀን የመጨረሻው 59 ሰከንድ ቆይቶ 260 ሜትር ሄደ። ያቺን ስንጥቅ አይተው ቢያልፉ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር እናንተው ገምቱት።

ቴይለር የዚያን ቀን እዚያ አልነበረም፤ ዴይተን ነበር። በታዋቂው ፎቶ ላይም የለም። ዛሬ ግን አሜሪካ ውስጥ 50 ዓመት ላገለገሉ የአውሮፕላን መካኒኮች የሚሰጠው ሽልማት በእሱ ስም ይጠራል።

ይሄን ሁሉ ለምን አወራሁ? ያ ጋራዥ ውስጥ ያለው ተማሪዬ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ ነው። በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። እሱ ከቀሩት ወገን ነው። ውጤቱ የመጣ ቀን መምህራን ክፍል ተቀምጠን "ይሄ ትውልድ ሰነፍ ነው" ስንባባል ነበር። አልዋሽም፣ እኔም ብያለሁ። ሞተሩን ሳንከፍት "ዘይት የለውም" እንዳሉት ሰዎች መሆናችን ነው። የተሰበረው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ መንጠባጠብ የጀመረው ግን የት ነው? አራተኛ ክፍል ማንበብ ሳይችል ስናሳልፈው? መጽሐፍ ለሦስት ስናካፍል? እኔ ክፍል ገብቼ ኖት አጽፌ ስወጣ? ማንም ባትሪ ይዞ ውስጡን አላየም። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ ያኔም ተገረምን።

ልጁ በፈተናው ወደቀ እንጂ ማየት ይችላል። እኔ ስለ ማስረጃና ስለ ምክንያት ክፍል ውስጥ የማወራውን እሱ በጣቱ ያደርገዋል።

አዛውንቱን ጠርቶ የተቀደደውን ስፖንጅ አሳያቸው። "አባባ፣ እውነትዎን ነው፤ ዘይቱ አልጎደለም። አቧራ ነው የበላው። ማጣሪያውን በየሳምንቱ ይዩልኝ" አላቸው። ሰውዬው ከሞተሩ መዳን ይልቅ "እውነትዎን ነው" መባላቸው ሳይሆን አይቀርም ያስደሰታቸው። አመስግነው፣ መርቀውት ሄዱ።