ሙቅ ውሃ እስከየት ይደርሳል

ናይሮቢ ፓርክላንድስ ሰፈር ውስጥ ይህን ሁሉ ዘመን ቧንቧ ስዘረጋ ራዲያተር የተከልኩበት ቤት የለም። ጠያቂ ግን አይጠፋም። ከለንደን የተመለሰ ባለቤት ሐምሌ ላይ ብርዱ ሲቆነድደው፣ «በየክፍሉ ብታስገባልኝስ?» ይለኛል። ናይሮቢ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች በሰኔና በሐምሌ ሌሊቱ ይበርዳል። ለዚያ ለሁለት ወር ብርድ ብሎ ግን ቤቱን ሙሉ ቧንቧ የሚያስቀብር የለም፤ ጋቢ ይበቃል። እዚህ ሰፈር በግድግዳ ውስጥ የሚሄደው ሙቀት የመታጠቢያው ሙቅ ውሃ ነው። እሱ ከየት ተነስቶ እስከየት እንደሚደርስ ማየት ደግሞ ሰፈሩ ለማን እንደተሠራ ያሳያል።

ናይሮቢን በ1899 እ.ኤ.አ. የቆረቆሯት የባቡር ሐዲድ ሰዎች ናቸው፤ የሰፈሩትም ረግረግ ላይ ነበር። በ1902 ወረርሽኝ ሲገባ በሽታው እንዳይዛመት ተብሎ የሕንዶቹ ባዛር ተቃጠለ። በ1913 ከእንግሊዝ የመጣው የጤና ባለሙያ ፕሮፌሰር ሲምፕሰን አውሮፓዊው፣ እስያዊውና አፍሪካዊው ለየብቻ ይስፈር ብሎ መከረ። ከረግረጉ ከፍ ያለውን ፓርክላንድስን ነጮቹ ቀድመው ይዘውት ነበር፤ የስፖርት ክለባቸው ከ1906 ጀምሮ አለ። የለንደን መንግሥት በ1923 ባወጣው «ነጭ ወረቀት» በተባለ የፖሊሲ ሰነድ በዘር ለይቶ ማስፈሩን በወረቀት ተወው። ሕንዶቹም እየገዙ ገቡ፤ በ1958 የአጋ ካን ሆስፒታል እዚሁ ሲከፈት ሰፈሩ የእነሱ ሆኖ ነበር።

የዚያ ዘመን ቤት ሰፊ ግቢ ውስጥ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቪላ ነው። እየፈረሰ ለአፓርታማ ቦታ ሲለቅ ቧንቧውን የምነቅለው እኔ ስለሆንኩ አንጀቱን አውቀዋለሁ። ከኩሽናው ውጭ፣ ግድግዳው ጥግ፣ የጡብ ምድጃ አለ። በላዩ 200 ሊትር የሚይዝ የነዳጅ በርሜል ተጋድሟል፤ የድሮ ሰዎች «ታንጋኒካ ቦይለር» ይሉታል። ቀዝቃዛው ከታች ይገባል፣ የሞቀው ከላይ ይወጣል፣ ከስር እንጨት ይነዳል። ፓምፕ የለውም። የሞቀ ውሃ ስለሚቀል ወደ በርሜሉ አናት ይወጣል፣ ከታች የሚገባው ቀዝቃዛም ገፍቶ ይልከዋል፤ ቧንቧው መሐል ላይ ትንሽ ቢጎብጥ ግን አየር ይታሰርና ውሃው ይቆማል። ስለዚህ የጥንቱ ቧንቧ ሠራተኛ ከምድጃው እስከ መታጠቢያ ገንዳው ድረስ ሽቅብ እያስተካከለ ነው የወሰደው። ያንን ቀጥታ መስመር ሳይ ባለሙያነቱን አደንቃለሁ። አንዱን ጋልቫናይዝድ ቧንቧ በመጋዝ ስቆርጠው ውስጡ በዝገትና በኖራ ተሞልቶ እርሳስ የምታልፍበት ቀዳዳ ብቻ ቀርቶት ነበር።

እሳቱን ጎህ ሳይቀድ የሚያነደው አፍሪካዊው የቤት ሠራተኛ ነበር። የሱ ክፍል ግቢው መጨረሻ ላይ ሲሆን እዚያ የሚደርሰው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ከደጅ የተተከለ። በርሜሉ ሩቅ ሆኖበት እንዳይባል፣ ለሠራተኛው ክፍል የሚቀርብ ምድጃ ሁሉ አይቻለሁ።

እኛም አገር ቢሆን ሙቅ ውሃ የጀመረው ከላይ ነው። በ1886 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ የወረዱት ወደ ፍል ውሃ ነበር። ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሃ በቧንቧ ያስገባውም ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ነው። ፍል ውሃ ግን ኋላ የሕዝብ መታጠቢያ ሆነ፤ እናቴም ትሄድ ነበር።

እዚህ ናይሮቢ ከምድጃው በኋላ የኤሌክትሪክ ቦይለር መጣ፤ ከዚያም ከራስ በላይ የሚሰቀለው በመብራት የሚሠራ ሻወር። ሽቦው በደንብ ካልታሰረ ከውሃው ጋር የሚነዝር ነገር ነው፣ አልወደውም። በ2012 በወጣ ደንብ ደግሞ በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሙቅ ውሃ የሚፈጅ ሕንፃ የፀሐይ ማሞቂያ እንዲያስገባ ታዘዘ። እሳቱ ከጓሮ ወደ ጣሪያ ወጣ ማለት ነው። ራዲያተርን የሚመስል ነገር የነበረው ናይቫሻ ነው፤ ኦሴሪያን የተባለው የአበባ እርሻ በከርሰ ምድር እንፋሎት የሞቀ ውሃ በቧንቧ እያዞረ ጽጌረዳውን ሌሊት ያሞቅ ነበር። ጽጌረዳ ከእኛ የተሻለ ቤት ነበራት።

ዛሬ የምሠራው ፒፒአር በሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ነው። የማጣበቂያ ማሽኑ ራስ 260 ዲግሪ ይሞቃል፤ የ20 ሚሊ ሜትሩን ቧንቧና ፊቲንጉን 5 ሰከንድ ይዤ፣ ሳላዞር ቀጥ አድርጌ አገጣጥማለሁ። ቢጠማዘዝ መጋጠሚያው ይዳከማል፤ ከልክ በላይ ቢገፋ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ያብጥና መንገዱን ያጠባል። መስመሩ ሲረዝምም ዕዳ አለው፤ 15 ሜትር ላይ ሙቁ እስኪመጣ ሁለት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ይደፋል። በ2017 ድርቅ ውሃ በፈረቃ ሲታደል የዚህን ዋጋ ሁሉም አውቆታል።

አዲሱ አፓርታማ ከኩሽናው ጀርባ የቤት ሠራተኛ ክፍል አለው፤ «ኤስኪው» ይሉታል። ፕላኑ ላይ ቀዩ የሙቅ ውሃ መስመር ብዙ ጊዜ የኩሽና ማጠቢያው ጋ ያልቃል። ከዚያ እስከ ኤስኪው ሻወር ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። አሠሪውን ስጠይቅ፣ «ቤቱ ሲሸጥ ማን ያየዋል?» ይለኛል። ሰድር ሳይለጠፍ አንዲት ቲ፣ ማለትም ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ፣ ጨምሬ ቧንቧውን እስከዚያ ግድግዳ እወስድና ጫፉን በክዳን እደፍነዋለሁ። የቧንቧውን ዋጋ ከእጅ ሥራዬ ላይ እቀንሳለሁ፤ የት እንዳለችም ቁልፍ ለሚረከበው ሰው እነግራለሁ። አንዳንዱ ያስከፍታታል፣ አንዳንዱ ይረሳታል።