ፊደልና የስልክ መስመር፤ ስለ መጀመሪያው የኢንተርኔት ዘመን በኢትዮጵያ

ኢንተርኔት ወደ አገራችን በገባበት ዘመን መስመሩ ቀርፋፋ፥ ዋጋውም ውድ እንደ ነበረ ያልሰማ የለም። የዚህ አጭር ጥናት አሳብ ይህንኑ ደግሞ ለመናገር ሳይሆን፥ ያ ቀርፋፋነት በአማርኛ ጽሕፈት ላይ ያደረሰውን ለመመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ከኢንተርኔት አስቀድሞ የመጣው የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ነው። አዲስ አበባ ባለው በአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር በ1980 የተቋቋመው ፓዲስ የተባለው ክፍል፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ ይሠራ ነበር። ፊዶኔትን በ1984 የፈጠረው ቶም ጄኒንግስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ አሠራሩ የፖስታ ከረጢትን ይመስላል። ጸሐፊው ደብዳቤውን መስመር ሳይከፍት ጽፎ ይጨርሳል፤ ከዚያም በስልክ ወደ ጣቢያው ይልከዋል፤ ጣቢያውም የብዙ ሰዎችን ደብዳቤ በአንድነት ጠቅልሎ በዓለም አቀፍ ስልክ ወደ ለንደን ያስተላልፋል፥ ከዚያ የመጣውንም ይቀበላል። የስልኩ ሒሳብ በደቂቃ ስለ ነበረ፥ መልእክት ባጠረ ቍጥር ወጪው ይቀንሳል። በቴሌግራም ዘመን ይቈጠር የነበረው ቃል ነው፤ አሁን የሚቈጠረው ፊደል ሆነ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ሙሉውን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1997 ነው። ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ሁለተኛው ድርጅት፥ ሳፋሪኮም፥ በአገሪቱ ሥራ የጀመረው በ2022 ነውና። ወደ ውጭ የሚወጣውም መስመር በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚገኝ፥ ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተር አንድ ገጽ ለመክፈት ብዙ ጊዜ ይጠይቃል። ሲኮም የተባለው የባሕር ገመድ ምሥራቅ አፍሪካ የደረሰው በ2009 ሲሆን፥ የባሕር በር የሌላት አገራችን በጎረቤት በኩል ካልሆነ በቀር ልትደርስበት አትችልም።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቍጥር ነው። በዚያን ጊዜ ግን ለግእዝ ፊደል ሁሉም የተስማሙበት ቍጥር ስላልነበረ፥ እያንዳንዱ ባለሙያ የመሰለውን ይሰጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የሌለው ጭረት ይሆናል። ስለዚህ በአማርኛ ገጽ ለማውጣት የፈለገ ሰው ብዙ ጊዜ ጽሑፉን እንደ ሥዕል አድርጎ ያወጣው ነበር። ሥዕል ደግሞ ከባድ ነው። ለምሳሌ 3 ኪሎባይት የሆነ ጽሑፍ በ28.8 ኪሎቢት ሞደም ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ያው ገጽ 60 ኪሎባይት ሥዕል ቢሆን 17 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል፤ ይህም መስመሩ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ነው፥ እንዲያ የሚሠራበት ቀን ግን ጥቂት ነበር። እንግዲህ በኢንተርኔት ካፌ በደቂቃ እየከፈለ በገዛ ፊደሉ የሚያነብ ሰው፥ ይኸው ምሳሌ እንደሚያሳየው፥ ሃያ እጥፍ ይጠብቃል።

ሁለተኛው መንገድ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ነበር። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ለዚሁ ሴራ የተባለ ሥርዓት አወጡ (ስሙ ሌላ ነገር ያስጠረጥራል እንጂ ሥራውስ መልካም ነበር)። በዚህ ሥርዓት ትልቁ የላቲን ቲ ለ«ጠ»፥ ትንሹ ለ«ተ» ስለሚሆን፥ ጽሑፉን ሳያፋልሱ ወደ ግእዝ ፊደል መመለስ ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ሥርዓቱን ሳይማር እንደ ወደደ ይጽፍ ነበር። እንዲህ ሲሆን ሰውየው «ጠፋ» ይሁን «ተፋ» አንባቢው ከአገባቡ ይፈርዳል።

ዩኒኮድ በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለግእዝ ፊደል ቍጥር ሰጠ። ሆኖም ቍጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ፎንት የሚባለው የፊደል ቅርጽ በኮምፒዩተሩ ውስጥ መኖር አለበት። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ቅርጽ ይዞ የመጣው በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ ነው። እስከዚያ ድረስ አንባቢው ቅርጹን በዚያው በቀርፋፋ መስመር ራሱ ማውረድ ነበረበት።

በጽሕፈት መኪና ዘመን ፊደላችን ብዙ ስለ ሆነ ይቀነስ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ስለ ኢንተርኔትም ተመሳሳይ ነገር የሚናገሩ አሉ፤ እኛ ግን አንቀበለውም። በዩኒኮድ ዘንድ «ሰላም» 9 ባይት፥ በላቲን ፊደል ሲጻፍ 5 ባይት ይይዛል፤ ይህ ልዩነት ከሥዕሉ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ከቍጥር የሚገባ አይደለም። አንባቢውን ያስጠበቀው የፊደሉ ብዛት ሳይሆን የስምምነቱ መዘግየት ነበር።

ልማዱ ግን መስመሩ ከፈጠነ በኋላም አልቀረም፤ ዛሬም በእጅ ስልክ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ብዙ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው በየመሥሪያ ቤቱና በየግለሰቡ እጅ በቀድሞዎቹ ልዩ ልዩ ቍጥሮች ተጽፎ የቀረው ሰነድ ነው። ጽሑፉን መልሶ ለማንበብ ያን ጊዜ የተሠራበትን ፎንት ወይም የቍጥሩን ሰንጠረዥ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ፍሎፒ ዲስክ ያስቀመጠ ሰው ፎንቱን አብሮ ማስቀመጡን መጠየቅ ይገባል።