የከሸፈች ጥይት፤ ስለ ጠመንጃ እንክብካቤና ስለ ባለእጆቹ

ዕቅድ ሲሰናከል «ከሸፈ» እንላለን። የተቆጣ አለቃ በበታቹ ላይ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «ባረቀበት» እንላለን። ሁለቱንም ግሦች ዛሬ በስብሰባ አዳራሽና በጋዜጣ ገጽ እንደ ልብ እናዘዋውራቸዋለን፤ ለባለጠመንጃው ግን ሁለቱም የሕይወትና የሞት ቃላት ነበሩ። የከሸፈች ጥይት መርፌው መትቷት ያልተኮሰች ናት፤ የባረቀ ጠመንጃ ደግሞ ባለቤቱ ሳያዝዘው የተኮሰ ነው። የመጀመሪያው ጠላትን ያተርፋል፣ ሁለተኛው ወዳጅን ይገድላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመው ነገር ጀግንነት ብቻ አልነበረም። መወልወያ ዘንግ፣ ጨርቅ፣ ውሃ፣ ስብና የባለእጅ ጣት ነበሩ።

ስለ ጦርነቶቻችን የተጻፉ መጻሕፍት ጠመንጃ ይቆጥራሉ። ይህን ያህል ሺህ ተገዛ፣ ይህን ያህል ሺህ ተማረከ፣ ይህን ያህል ሺህ ዘመተ ይላሉ። ቁጥሩ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን በግዢ ዕለት የተቆጠረ ጠመንጃ ሁሉ በውጊያ ዕለት ጠመንጃ ሆኖ አይገኝም። በሁለቱ ቀኖች መካከል ሁለትና ሦስት ክረምት ያልፋል፤ ብረትም ከክረምት ጋር የራሱ የሆነ ጦርነት አለው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ባሩዱን ማወቅ ያሻል። የቀድሞው ጥቁር ባሩድ ከመቶ እጅ 75 ያህሉ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 ያህሉ ከሰል፣ 10 ያህሉ ድኝ ነው። ሲቃጠል ሁለንተናው ወደ አየር አይለወጥም፤ ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጠጣር ነገር ሆኖ ይቀራል። ከፊሉ የጦር ሜዳውን የሚጋርደው ነጭ ጭስ ሲሆን ቀሪው በአፈሙዙ ውስጥ እንደ ጥላሸት ይለጠፋል። ይህ ዝቃጭ በአብዛኛው ጨው ነው። ጨው ደግሞ እርጥበትን ከአየር ይስባል፤ የሳበውን እርጥበትም ለብረቱ ያቀብለዋል። የተኮሰበትን ጠመንጃ ሳያጥብ ያሳደረ ሰው በማግስቱ ዝገት ያገኛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ዘይት ጨውን አያሟሟም። ያልታጠበ አፈሙዝ ላይ ዘይት የቀባ ሰው ጨውን ከብረቱ ጋር አስተቃቅፎ አሳደረው ማለት ነው፤ ውጭው ያብረቀርቃል፣ ውስጡ ይበላል። ጨውን የሚያነሣው ውሃ ነው፤ ይልቁንም ሙቅ ውሃ፣ ምክንያቱም ብረቱን ስለሚያሞቀው ከታጠበ በኋላ ፈጥኖ እንዲደርቅ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ፣ በመጨረሻም ዘይት ወይም ጨው ያልነካው ስብ በስሱ መቀባት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ብረትን በውሃ ማጠብ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ጠመንጃን ያዳነው ግን ይኸው ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ የዚህን ጉዳይ ክብደት ከማንም ቀድመው የተረዱ ይመስለኛል። ከባሕር ማዶ መሣሪያ ብቻ አልለመኑም፤ የሚሠራ እጅም ለመኑ። ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ዋልድማየርንና ባልደረቦቹን አስቀምጠው መድፍ እንዲያቀልጡ ያደረጓቸው፣ የአገሬውም ሰው አብሮ እንዲሠራ ያዘዙት ለዚህ ነበር። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጥቶ፣ ገደል እየተናደለትና መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጓዘ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ የሆነው ግን የታወቀ ነው። የእንግሊዝ ወታደር በኋላው የሚጎርሰውን፣ ባሩዱ፣ እርሳሱና መለኮሻው በአንድ ቀልሃ የታሸገለትን ስናድር ይዞ መጣ። የቴዎድሮስ ሰው በአፈሙዙ ባሩድ የሚያጎርሰውን ይዞ ወረደ። በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ በተተኮሰ ቁጥር ዝቃጩ እየወፈረ ይሄዳል፤ ቀጣዩን እርሳስ ለመግፋት ክንድ ይደክማል፤ ባሩዱም እርጥበት ከነካው መለኮሱ ያጠራጥራል። ከ700 የማያንሱ ኢትዮጵያውያን በዚያ ቀን ወደቁ። በቁስል ከሞቱት የእንግሊዝ ወታደሮች ቁጥር ጋር ሲተያይ ልዩነቱ በድፍረት የሚመዘን አይደለም፤ ድፍረቱስ በየትኛው ወገን እንደበዛ ቁልቁል የሮጡት ያውቃሉ።

ከዚያ በኋላ መሣሪያው በየአቅጣጫው ገባ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ የዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፅ ጦር ብዙ ሬሚንግተን ማረከ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ግጥምን ገና በወጣትነቱ የተወው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከታጁራ ተነሥቶ፣ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ ወደ ንጉሥ ምኒልክ መጣ። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ስለዚህ ጉዞ ብዙ ሲያልሙ አነባለሁ። ጭነቱ ግን ሕልም አልነበረም፤ በአውሮፓ ጊዜ ያለፈበት፣ በመዳብ ቆብ የሚለኮስ ጠመንጃ ነበር። ምኒልክም ይህን ስለሚያውቁ በዋጋው በብርቱ ተከራከሩት፤ ባልደረባው ትቶት የሞተውን ዕዳም ከሒሳቡ ቀነሱበት። ጥሩ ገዢ ዕቃን ያውቃል።

ከሁሉ ይልቅ በሕዝቡ አፍ የቀረው ውጅግራ ነው። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 ይዞት የነበረውን ይህን ባለ አንድ ጎራሽ ጠመንጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 አዲሱ ለበን ሲተካው አሮጌው በቀይ ባሕር ጠረፍ በኩል ወደ እኛ ጎረፈ። የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ገንዘብ እስከ መዘርዘር ደረሰ። ልብ ላለው ነገሩ ያስገርማል፤ በገበያ ከጨው ጋር የሚመነዘረው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል። ጥይት ገንዘብ በሆነበት አገር የምትከሽፍ ጥይት ሁለት ጊዜ ኪሳራ ናት።

ውጅግራ ለምን ይከሽፋል? ምክንያቱ አንድ አይደለም። በመቀርቀሪያው ውስጥ መርፌውን የሚገፋው ጥምዝምዝ ሞላ በብዙ ዘመን ይላላል፤ መርፌው ይደርሳል፣ ኃይል ግን የለውም። የመርፌው ጫፍ ተበልቶ ያጥራል። ወይም ባለቤቱ በመውደድ ብዛት መቀርቀሪያውን በወፍራም ስብ ሞልቶት፣ ስቡ በደጋ ብርድ ረግቶ መርፌውን ይይዘዋል። ይህ የመጨረሻው በቸልተኛ ሰው ላይ አይደርስም፤ የሚደርሰው በትጉሁ ነው። ጥይቷ ራሷ እርጥበት ገብቶባት ሊሆንም ይችላል። የሚያውቅ ሰው የከሸፈ ጠመንጃን ወዲያው አይከፍትም፤ አፈሙዙን ሰው ከሌለበት አዙሮ ጥቂት ይቆያል፣ ዘግይቶ የሚለኮስ ባሩድ አለና።

ሁለተኛው ሕመም ቀልሃ መንከስ ነው። የነሐሱ ቀልሃ ሲተኮስ ይለጠጣል፤ የጥይቱ ቤት ንጹሕ ከሆነ መልሶ ይላቀቃል፤ ዝገትና ዝቃጭ ካለበት ግን ግድግዳውን ነክሶ ይቀራል። በዚያ ላይ እንደገና እየተሞላ ብዙ ጊዜ የተተኮሰ ቀልሃ ይደክማል፣ ይሰነጠቃል። ጎታቹ ጥፍር ይስታል፤ ተኳሹም በጦር ሜዳ መካከል ዘንግ በአፈሙዙ አስገብቶ ቀልሃ ሲገፋ ይገኛል። ሦስተኛውና የከፋው በአፈሙዙ የገባ ጭቃ ነው። ሲሮጥ የወደቀ ሰው አፈሙዙን ሳያይ ከተኮሰ ብረቱ ሊፈነዳበት ይችላል።

ሞላውን ማን አደሰው? መርፌውን ማን ሞረደው? በአብዛኛው ቀጥቃጭና አንጥረኛ ነው። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል፣ በሌላውም አገር እጀ ሥራ ያላቸው ወገኖች፣ ማረሻውንም ጦሩንም ይሠሩ የነበሩት፣ ጠመንጃ ሲመጣ ጠመንጃውን ተቀበሉ። ኅብረተሰቡ ግን ቀን ሥራቸውን ሲፈልግ ሌሊት «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። ባላባቱ ከጠይብ ጋር ማዕድ አይቆርስም፤ ሕይወቱን ግን ጠይቡ ባበጀው ምላጭ ላይ ያሳድራል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል። አዋጅ የሚወጣው ችግር ላለበት ነው።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው መሣሪያ የአንድ ፋብሪካ አልነበረም። ውጅግራው፣ ሬሚንግተኑ፣ ሌላውም በየዓይነቱ ነበር፤ እያንዳንዱም የራሱ ጥይት አለው። ከባድ ጉዞ አድርጎ፣ ክረምትና በጋ ተሻግሮ፣ ያ ሁሉ ብረት መተኮሱ ራሱ ታላቅ ሥራ ነው። የጣሊያን ወታደርም በዚያ ቀን በአብዛኛው የያዘው አሮጌውን ቬተርሊ እንጂ አዲሱን ካርካኖ እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። እኛ የቲያትር ሰዎች ግን በመድረክ ላይ የአድዋን ጠመንጃ አንድ ቀንም አክሽፈነው አናውቅም። ሁልጊዜ ይተኩሳል፣ ሁልጊዜ ይመታል። ዘማቹ በድንኳን ደጃፍ ተቀምጦ አፈሙዝ ሲያጥብ፣ ሚስቱ ውሃ ስታሞቅለት የሚያሳይ ትዕይንት ግን እስካሁን አላየሁም። ፉከራውና ሽለላው ተኳሹን ያወድሳሉ፣ ጠመንጃውንም በስሙ ይጠራሉ፤ ወልዋዩን ግን ዝም ይሉታል።

ጭስ አልባው ባሩድ፣ ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው፣ ነገሩን ሁሉ ለወጠ። ዝቃጩ ቀነሰ፤ ግፊቱ ግን በረታ። ለበን ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ 8 ጥይት ይይዛል። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ጆን ብራውኒንግ ነድፎት ዊንቸስተር የሠራው፣ የእጅ መያዣውን ወደ ኋላና ወደ ፊት በማንሸራተት የሚጎርሰው የአደን ጠመንጃም እንዲሁ ባለ ቱቦ ነበር፤ የ1893ቱ ሞዴል ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ስለነበረ አዲሱን ባሩድ አልቻለውም፤ የ1897ቱ ተጠናክሮ ወጣ። ቱቦ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ጉድፍ ይሰበስባል፣ በውስጡ ያለው ሞላም ሲዝል የኋለኛይቱ ጥይት መንገድ ላይ ትቀራለች። በአዲሱ ባሩድ ዘመን ሰዎች «እንግዲህ ማጠብ ቀረ» ብለው ነበር። አልቀረም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በጥይት መለኮሻ ውስጥ የነበረው ፖታሲየም ክሎሬት ተቃጥሎ የሚተወው ያው ጨው ነው፤ መድኃኒቱም ያው ውሃ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር የቆየው አርበኛ ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቅ ነበር። ከጠላት የተማረከው ከአባቱ ከቀረው ጋር በአንድ ዋሻ ያድራል፤ የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ ፋብሪካ የለም፤ መለዋወጫ የሚገኘው ከተሰበረ ሌላ ጠመንጃ ነው። ከዚያ ዘመን የተረፉ አሮጌ ጠመንጃዎችን በቤተ መዘክርም ሆነ በአዛውንት ቤት የተመለከተ ሰው፣ ሰደፋቸው አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ የተጠፈረ ያገኛል። ቆዳው እርጥብ ሳለ ተወጥሮ ይጠቀለላል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እንጨቱን እንደ ብረት ቀለበት ጨምቆ ይይዘዋል። ዛሬም በእጅ ቢነካ አይነቃነቅም።