የላሊበላ ደረጃዎችና የወጪው ጉልበት

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ደረጃ አለቱ ሲፈለፈል ሳይነሣ የቀረ ክፍል ነው። ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የላስታ ጠራቢ ግን ከጣሪያው ጀምሮ ወደ መሠረቱ ይወርድ ነበር። የእርከኑ ከፍታ የሚወሰነው ጠራቢው መሮውን ባቆመበት ቦታ ነው። የተጠረበውን ኋላ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከፍ ማድረግ ግን አይቻልም። በጥንቷ ሮሃ፣ በዛሬዋ ላሊበላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙትን 11 አብያተ ክርስቲያናት ትውፊት የሚሰጠው በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ለነገሠው ለዛጕዌው ንጉሥ ለቅዱስ ላሊበላ ነው። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ዐምዱና ስለ መስኮቱ ብዙ ተጽፏል። የተሳላሚው እግር በየዕለቱ የሚረግጠው ደረጃ ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

የእርከኑ ዘር ከአክሱም ይመዘዛል። የአክሱም ታላላቅ ሕንፃዎች በእርከን እየጠበበ በሚወጣ መሠረት ላይ የሚቆሙ ነበሩ፤ የዱንጉር ፍርስራሽ ለዚህ ምስክር ነው። ይህ የግንባታ ልማድ ወደ ላስታ ተሻግሮ በዋሻ ውስጥ በድንጋይና በእንጨት በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ቀጠለ፤ ከዚያም ወደ ውቅሩ አለት ገባ። 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ በሦስት እርከን መሠረት ላይ ቆሟል፤ ቤተ አማኑኤልም እንዲሁ በእርከን ላይ ነው። እነዚህ እርከኖች የተጠረቡት ለሕንፃው ክብር ነው፤ የሰው እርምጃ አልተለካባቸውም። መሠረቱን እየረገጠ ወደ በሩ የሚወጣ ሰው ሕንፃው የመረጠለትን ከፍታ ይቀበላል።

የደረጃዎቹ ከፍታ ለሰው እርምጃ ላለመስማማቱ ሌላም ምክንያት አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ጥናታቸውን ያሳተሙ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች አብያተ ክርስቲያናቱ በአንድ ጊዜ ተፈልፍለው እንዳላለቁ፣ ሥራው በተከታታይ ዘመናት እንደተከናወነ አሳይተዋል። የእንግሊዙ አርኪዮሎጂስት ዴቪድ ፊሊፕሰንም ቀደም ሲል ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና ቤተ መርቆሬዎስ በመጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበሩ፣ ከሌሎቹ በጣም እንደሚቀድሙ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ግቢ እንደገና ሲጠለቅ የቀድሞው በር ከመሬት ርቆ ይንጠለጠላል። በላሊበላ አንዱ ደረጃ ዝቅ፣ ሌላው ከፍ ብሎ መገኘቱ የጠራቢው ቸልተኝነት ሊመስል ይችላል። ይህ ፍርድ ተገቢ አይደለም፤ አለመመጣጠኑ በአብዛኛው የዘመናት መደራረብ ምልክት ነው። በዚያ ላይ አለቱ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀላ ያለና ለመሮ የሚመች ዓይነት በመሆኑ ለእግርና ለዝናብም በቀላሉ ይበገራል። ብዙ የተረገጠ እርከን መሃሉ ይሰረጉዳል፣ ጠርዙም ያዳልጣል።

በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደብር ተሳላሚ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ይወጣል። በላሊበላ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው፤ ምእመኑ ወደ ቦዩና ወደ ዋሻ መተላለፊያው ወርዶ ይሳለማል፣ ደክሞት ሳለ ደግሞ ይወጣል። በመውረድ ጊዜ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ስለሚያግድ፣ በማግስቱ እግርን የሚያሳምመው በዋነኛነት ቁልቁለቱ ነው። ታኅሣሥ 29፣ የልደት በዓልና የቅዱስ ላሊበላ ልደት አብረው ሲከበሩ፣ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ሕዝብ በእነዚህ ደረጃዎች ይተላለፋል። በቤተ ማርያም ግቢ የቤዛ ኩሉ ሥርዓት ሲፈጸም ካህናቱ ከላይ በማሜ ጋራ ጠርዝና ከታች በግቢው ቆመው ይቀባበላሉ። መቋሚያው ለረጅም ቁመት ድጋፍ ነው፤ የሽማግሌው ምርኩዝም በከፍተኛ እርከን ላይ በጉልበት የሚወርደውን ሸክም ወደ ክንድ ያካፍላል። ከከተማው በላይ፣ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ ወደሚገኘው አሸተን ማርያም የሚሄድ ደግሞ የከፋውን ዳገት በበቅሎ ቢያቀልለውም አለታማው ቦታ ላይ ሲደርስ መውረዱ አይቀርም።

እርከንን ለሰው እግር የመለካት ሥራ በሌላው ዓለም የጎለበተው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ማስተር የልብን ብቃት ለመመርመር እያንዳንዳቸው 23 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ደረጃዎችን መረጠ፤ አንድ ስንዝር ያህል ማለት ነው። በ1943 ሉሲየን ብሩሃና ባልደረቦቹ በሃርቫርድ ያወጡት ፈተና ግን ለጎበዝ ወንዶች የታሰበ ነበርና ከፍታው 50.8 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ወደ አንድ ክንድ የሚጠጋ ነው። ተፈታኙ በደቂቃ 30 ጊዜ፣ እስከ 5 ደቂቃ ይወጣል ይወርዳል። በዚህ ከፍታ አጭር ሰው ከረጅሙ አብልጦ ጉልበቱን ማጠፍ ስላለበት ፈተናው ከልቡ ይልቅ ቁመቱን የሚፈትንበት ጊዜ ነበር። ኋላ የመጡት መለኪያዎች ዝቅ አሉ፤ በ1972 የወጣው የኩዊንስ ኮሌጅ ፈተና 41.3፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ፈተና ደግሞ 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጉልበቷን የተጎዳችው የስፖርት አሠልጣኝ ጂን ሚለር በቤቷ በረንዳ ደረጃ ላይ እየወጣችና እየወረደች ካገገመች በኋላ፣ ከፍታው እንደ ሰው አቅም የሚቀያየር መርገጫ በየስፖርት ቤቱ ተስፋፋ። ከሁሉም የሚልቀው ርምጃ ይህ ነው፤ ሰው ለደረጃው መመጠኑ ቀርቶ ደረጃው ለሰው ተመጠነ።

በኢትዮጵያ ከተሜው እግሩን በእርከን የሚያፍታታበት ዋናው ቦታ የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ ነው፤ በማለዳ ሯጮችና ስፖርተኞች በሰፊ እርከኖቹ ላይ ይመላለሳሉ። እንደ ላሊበላ ሁሉ እዚያም የእርከኑ ከፍታ የተወሰነ ስለሆነ፣ አቅሙን መለካት ያለበት ወጪው ራሱ ነው።

በእርከን ለሚለማመድ ጀማሪ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል፤ የለመደ ሰው ወደ 30፣ ጠንካራው ደግሞ ከዚያ በላይ ሊያልፍ ይችላል። አንድ እግር ሙሉ በሙሉ በእርከኑ ላይ ሲያርፍ ጭኑ ከአግድመት መስመር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ወገብ ወደ ፊት ከተደፋ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ከዘመመ፣ ወይም የኋላው እግር መሬቱን ገፍቶ ካልተነሣ በቀር መውጣት ካልተቻለ እርከኑ ለዚያ ሰው ከፍ ብሏል። የጉልበት ሕመም ያለበት ለጀማሪ ከተባለውም ባነሰ እርከን ይጀምር፤ ሲወርድም ከመውጣቱ ይልቅ ዝግ ይበል።